የበረኛዋ የመጨረሻ ቃል

ስድቡን የተየብኩት እኔ ነኝ። ይኼን አስቀድሜ ልናገርና ሌላውን ልቀጥል።

ሐሙስ ጧት አዘጋጁ ዘጠኝ ገጽ የእጅ ጽሑፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ርእሱ «የበረኛዋ ገጸ ባሕርይ፦ አመጣጧና የመድረክ ጉዞዋ» ይላል። ተውኔቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመድረክ የበቃበት ሠላሳ አምስተኛ ዓመት እሑድ ሊከበር ነበር፤ ጽሑፉም በመጽሔት መልክ ታትሞ ለእንግዶች በር ላይ ይታደላል ተባለ። በትያትር ቤቱ የእኔ ሥራ ሁለት ነው። ትርኢት ባለ ቀን፣ ከመድረኩ ጫፍ ወለሉ ተቆርጦ በተሠራች ጉድጓድ ውስጥ እቀመጥና ተዋናይ ቃል ሲጠፋበት ከሥር በሹክሹክታ አቀብላለሁ። ትርኢት በሌለ ቀን የቢሮውን ጽሑፍ እተይባለሁ። የጉድጓዱ ሥራ «አስታዋሽ» ይባላል። ዘበኛው ግን «ቃል አቀባያችን» እያለ ይቀልድብኛል፤ የቀሩት «ሹክሹክታ» ነው የሚሉኝ፤ ስሜን ረስተውት ይሆናል።

ስተይብ ትርጉም አላነብም፤ ፊደል ነው የማነበው። አዘጋጁ የተማረ ሰው ነው፣ ለፊደል ግን ግድ የለውም። እሳቱን ሰ ከንጉሡ ሠ፣ ሃሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ እንዳገኘ ይቀላቅላል። እኔ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ባያልፍም ፊደል ሲበላሽ ያመኛል። ሦስተኛው ገጽ ላይ «ሰራተኛ» ብሎ የጻፈውን በንጉሡ ሠ አረምኩለት። «ስህተት» ያለውን «ስሕተት» አደረግኩለት። ነጠላ ሰረዙን አስተካከልኩለት። አራት ነጥቡን መትቼ ወደሚቀጥለው ልሄድ ስል ጣቴ ቆመ። ወደ ኋላ ተመለስኩና አሁን ለትርጉሙ አነበብኩት።

«በመጀመሪያዎቹ ትርኢቶች ሚናውን የያዘችው ማንበብ የማትችል አንዲት የልብስ ክፍል ሠራተኛ ስትሆን፣ የመጨረሻውን ቃል በስሕተት በማንበቧ ለሣቅ ዳርጋናለች። ይህ አሳፋሪ ስሕተት የታረመው ሚናው ወደ ትልቋ ተዋናይ ከተላለፈ በኋላ ነው።»

የልብስ ክፍል ሠራተኛዋ አክስቴ ናት።

ቆሽቴ አረረ። ማንበብ የማትችል ሰው እንዴት አድርጋ ነው አሳስታ የምታነበው? ማንበብ ካልቻለች አላነበበችም፤ ካነበበች ደግሞ ማንበብ ትችላለች። የተማረው ሰውዬ ይቺን ታህል አላሰበም። ከእሱ ይልቅ ግን ያናደደኝ የራሴ እጅ ነው። አክስቴን ሰድቧት ሲያበቃ እኔ ስድቡን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ቁልፉን ቆልፌ አስቀምጬለት ነበር።

ተውኔቱን ላላየ ሰው ታሪኩ ይኼ ነው። ጠላት የከበባት አንዲት ከተማ አለች። የከተማዋን በር ቁልፍ የያዘችው ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ስም የላትም፣ በረኛዋ ነው የምትባለው። ሹማምንቱ፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ ማንም ቢያንኳኳ፣ እያለቀሰ ቢለምናት እንኳ፣ እንዳትከፍት አዝዘዋታል። አንድ ምሽት ልጇ ቆስሎ ከውጭ ይመጣና ያንኳኳል። «እማ፣ እኔ ነኝ» ይላታል። ከኋላው ጠላት ተደብቆ ይሁን አይሁን አታውቅም። አትከፍትም። ማንኳኳቱ እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ ይቆማል። ሲነጋ ልጁ ደፉ ላይ ሞቶ ይገኛል፤ ከኋላው ማንም አልነበረም። ሹማምንቱ ወንበር ይዘውላት ይመጣሉ፣ ያስቀምጧታል፣ ከተማዋን አዳንሻት ብለው ያመሰግኗታል። በመጨረሻም «ልጅሽ ዐርፏል፤ በይ አሁን ተነሺና አልቅሺ» ይሏታል። እሷ ከወንበሩ ሳትነሣ «ልጄ ይሰማል» ትላለች። መጋረጃው ይዘጋል።

ይቺ «ይሰማል» የምትባል ቃል በወረቀት ላይ አንድ ናት፤ በአፍ ግን ሁለት ናት። ላልታ ስትነበብ፣ ልጄ ካለበት ሆኖ ያዳምጠኛል፣ ስለዚህ አላለቅስም ማለት ነው። የጨዋ እናት ንግግር ነው፤ ሹማምንቱም ቀልሏቸው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ጠብቃ ስትነበብ ግን ልጁ አሁንም እያንኳኳ ነው። ድምፁ አላቆመም። ወንበሩም ምስጋናውም ያንን ድምፅ አያስቆምላትም፤ አመስጋኞቿም ያንን ድምፅ ያመጡባት ሰዎች ናቸው። ትልቋ ተዋናይ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አላልታ ተጫወተችው። ከእሷ በኋላ የመጡትም እንዲሁ። ሰው ሁሉ የሚያውቃት በረኛ ይቺው የላላችው ናት።

የተየብኩትን ገጽ አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወደ ልብስ ክፍል ወረድኩ። አክስቴ ተንበርክካ የአዲሷን ተዋናይ ቀሚስ ጫፍ እየለካች ነበር። አዲሷ ተዋናይ ገና ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ እሑድ በረኛዋን የምትጫወተው እሷ ናት። በርጩማ ላይ ቆማ ነበር። አክስቴ ጥርሷ መካከል አምስት ስድስት ስፒል ይዛለች። ምንም ሳልናገር ወረቀቱን ሰጠኋት፤ መናገር ባለብኝ ሰዓት ሁሌም ወረቀት ነው የምሰጠው።

አክስቴ ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንብባ ስትጨርስ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ መሰኪያው ላይ ሰካቻቸው።

«ይኼን የጻፈው ማነው?» አለችኝ።

አዘጋጁ መሆኑን ነገርኳት።

«እሱማ ሠን ከሰ ለይቶ አያውቅም። አርሞ የሰደበኝን ነው የጠየቅኩህ።»

መሬት መሬት አየሁ።

«ንጉሡን ፊደል ሰጥተኸኝ ክብሬን ወሰድክ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። በቤታችን ድምፅ ከፍ ማድረግ የለም። እሷ ያሳደገችኝ ከጎረቤት በስስ ጣውላ በተከፈለች አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ስስል «ቀስ፣ ይሰማል»፣ ስስቅ «ተው፣ ይሰማል»፣ ተቆጥታ ስትገርፈኝ እንኳ «እንዳትጮህ፣ ይሰማል» እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ለቁጣም ለደስታም ያለን ድምፅ አንድ ዓይነት ነው። ያን ዕለት ግን የእጇ ጣቶች ወረቀቱን የያዙበት አያያዝ አስፈራኝ።

አዲሷ ተዋናይ ከበርጩማው ላይ ሆና ምን ተፈጠረ አለች። አክስቴ መልሳ ተንበረከከችና ቀሚሱን እየወጋች ነገረቻት። ለእሷ ነበር የምትነግራት፤ ለእኔ ጀርባዋን ሰጥታለች። ልጅቷ ሁለት ጊዜ «እኔን እኮ ወጋሽኝ» ስትል አስታውሳለሁ።

የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት ትርኢቱ ሊጀመር አምስት ቀን ሲቀረው፣ ለበረኛዋ የተመረጠችው ተዋናይ ጉሮሮዋ ተዘጋ። አክስቴ ያኔ የሃያ ዓመት ልብስ ሰፊ ነበረች። ሁለት ወር ሙሉ ልምምዱን ከመጋረጃ ኋላ ሆና እየሰፋች ስለሰማች፣ የተውኔቱ ደራሲ አንድ ቀን ዞር ሲል አፏ ከተዋናዮቹ እኩል ሲንቀሳቀስ አያት። ጎትቶ መድረክ ላይ አወጣት። ቃሉን ሁሉ በጆሮዋ ተምራ ታውቀው ነበር፤ የማታውቀው የመጨረሻውን ብቻ ነው፣ እሱን ደራሲው ራሱ አላወቀውም ነበርና። ሰባት ጊዜ ጽፎ ሰባት ጊዜ ቀድዶታል። በመጨረሻው የልምምድ ቀን ከኪሱ ቁራጭ ወረቀት አውጥቶ «በይ ይኼን ሞክሪው» አላት።

ወረቀቱን አየችው። «ልጄ ይሰማል።» ከልጅነቷ ጀምሮ ያቺን ቃል በአንድ መንገድ ብቻ ነበር የምታውቃት፤ በጣውላው ግድግዳ በኩል። አጥብቃ አነበበቻት።

ተዋናዮቹ ሣቁ። ያኔ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀመጥ የነበረው አስታዋሽ ትምህርቱን በቅርብ የጨረሰ ጎበዝ ልጅ ነበር፤ ከሥር ሆኖ፣ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ፣ «ላልቶ ነው! ላልቶ! ማንበብ አትችይም እንዴ?» አላት። አዳራሹ ይብስ ሣቀ። ያልሣቀው ደራሲው ብቻ ነው። ለጉድጓዱ «አንተ ዝም በል» አለ። እሷን እንደገና እንድትለው አደረጋት፣ እንደገናም። ከዚያ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ። «እኔ እንዲህ ብዬ አልጻፍኩትም» አለ፤ «ግን እንዲህ ነው።»

ትርኢቱ ሲጀመር ደራሲው አንድ ነገር ጨመረበት። እሷ ቃሉን ተናግራ መጋረጃው ሲዘጋ፣ እሱ ራሱ ከመድረኩ ኋላ ሄዶ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ በቡጢ ይመታል። ዐሥራ አንድ ጊዜ ተጫወተችው፣ ዐሥራ አንድ ጊዜ መታው። የሣቀ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ሰዉ ሲወጣ እርስ በርሱ አይነጋገርም ነበር። በዚያው ዓመት ደራሲው ታምሞ ሞተ። ትያትር ቤቱ ተውኔቱን ለአስታዋሹ ሰጠው፣ ልጁ የተማረ ነውና። አስታዋሹም አዘጋጅ ሆነ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ቃሉን ማላላት፣ የግድግዳውን ምት ማስቀረት፣ አክስቴን ወደ መርፌዋ መመለስ ነበር።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ። በእኛ ትያትር ቤት ግን የወጋውም አልረሳም። «አንተ ዝም በል» ያለው ሰው ከሞተ ስንት ዓመቱ፤ አዘጋጁ ግን እስከ ዛሬ መልስ እየሰጠው ነው።

አክስቴ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ልጅቷ ቀስ ብላ፣ ታዲያ እኔ የቱን ልበል ብላ ጠየቀቻት።

«ያስተማረሽን በይ» አለቻት፤ «ሥራሽ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ደግሞ ሂድና ንገረው። ስሜ ይጻፍ አላልኩም፤ ሁለት ወር ነው የቀረኝ፣ ጡረታዬን ይዤ እሄዳለሁ። አሳፋሪም ይበለኝ። ማንበብ የማትችል የሚለውን ግን ያውጣው። አንብቤዋለሁ።»

ወደ አዘጋጁ ቢሮ የሚወስደው ደረጃ ሃያ ስድስት ነው። በእያንዳንዱ ላይ የምናገረውን ተለማመድኩ። ስገባ ሁሉም ጠፋኝ፤ ለእኔ የሚያቀብለኝ ማን አለ? ከጀርባው ግድግዳ ላይ በረኛዋን የተጫወቱት ሴቶች ፎቶ ተደርድሯል፤ ትልቋ መሐል ናት፣ ከሁሉም ሰፊው ክፈፍ የእሷ ነው። የአክስቴ ፎቶ እንደሌለ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። አራት ዓመት እየገባሁ እየወጣሁ አላየሁም ነበር።

«ጮክ በል እንጂ» አለኝ፤ «እዚህ እኮ ጉድጓድ ውስጥ አይደለህም።»

አክስቴ ማንበብ ትችላለች አልኩት። ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለው ይስተካከል አልኩት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ውኃ ቀዳልኝ። ታሪክ ታሪክ ነው፣ አክስትህን እኔም እወዳታለሁ፣ መርፌ ላይ ወደር የላትም አለ። ከአፉ ማር ጠብ ይላል።

«ካነበበችው ታዲያ ለምን አጠበቀችው?» አለኝ።

«ወረቀቱ ላይ እኮ መላላቱም መጥበቁም አልተጻፈም፣ ጋሼ።»

ፈገግ አለ። «ልጄ፣ ማንበብ ማለት ያልተጻፈውን ማወቅ ነው።»

ከዚያ በደግነት ቃና፣ የአክስቴ ጡረታ ሁለት ወር እንደቀረው፣ በሰላም ብትጨርስ ለሁሉም እንደሚሻል፣ እሑድ ደግሞ ከጉድጓዱ የሚወጣው ቃል በልምምድ የተጠናው ብቻ እንዲሆን ነገረኝና ስልኩን አነሣ። ወጣሁ። መልሱ የመጣልኝ ዘጠነኛው ደረጃ ላይ ነው። ማንበብ ያልተጻፈውን ማወቅ ከሆነ፣ ያን ቀን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ማንበብ የቻለችው እሷ ብቻ ናት፤ ደራሲው ራሱ መስክሮላታል። ይቺን ልነግረው ዘጠኙን ደረጃ መልሼ ወጣሁ። በሩ ተዘግቶ ነበር፣ በስልክ ሲሥቅ ይሰማል። እጄን አነሣሁ። አላንኳኳሁም።

ተመልሼ ወርጄ የቀሩትን ስድስት ገጾች ተየብኩ። አንድም ፊደል አልሳትኩም።

ቅዳሜ አክስቴ አላናገረችኝም። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ዝም ሲባባል ቦታው ይጠባል። ሲመሽ እኔ ከልጅነቴ የምትለኝን መልሼ አልኳት፤ ዝም አይነቅዝም አልኳት፣ ልታረቃት ፈልጌ። ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

«የኔ ነቅዟል» አለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ዘበኛው በር ላይ ቆሞ መጽሔቱን ያድላል። ሲያየኝ ከሩቅ ከፍ አድርጎ አሳየኝና፣ ቃል አቀባያችን ዛሬስ ቃልህ በየሰዉ እጅ ነው አለኝ። ሊያመሰግነኝ ነው። ሰውዬው አላነበበውም። እኔ በጎን በር ገብቼ ወደ ጉድጓዴ ወረድኩ። ከዚያ ሆኜ የፊት ረድፍ ላይ ያሉት ሰዎች ጉልበት ይታየኛል። ትልቋ ተዋናይ መሐል ላይ፣ ክንድ ባለው ወንበር ተቀምጣለች፤ ጉልበቷ ላይ አበባ፣ አበባው ሥር መጽሔቱ። አንዱ ጎረቤቷ ሦስተኛውን ገጽ ገልጦ ሲያሳያት፣ እሷም ፊቷን ስታዞር አየሁ። ምን እንዳሰበች አላውቅም።

ትርኢቱ በደንብ ሄደ። ልጅቷ አንድም ቃል አልጠፋባትም፤ ከሥር የሚያቀብላት ሰው የሌለ እስኪመስል ጉድጓዱን ሳታይ ተጫወተች። ልጁ ሲያንኳኳ ለበሩ ጀርባዋን ሰጥታ፣ እጆቿን ጆሮዋ ላይ ሳታደርግ፣ ዝም ብላ ቆመች። ነጋ። ሹማምንቱ ወንበሩን አመጡ። አስቀመጧት። አመሰገኗት። «በይ አሁን ተነሺና አልቅሺ» አሏት።

ዝም አለች።

ዝም ማለት አለባት፣ ልምምዱ ላይ እስከ አራት መቁጠር ነው። አራት አለፈ። ስምንት አለፈ። ከሹማምንቱ አንዱ እግሩን ቀየረ። ቀና ስል ልጅቷ እያየችኝ ነው። ቃሉ ጠፍቷት ይሁን፣ የቱን ልበል ብላ እየጠየቀችኝ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ብጠይቃትም አልነገረችኝም። በስተግራ ከመጋረጃው ጥግ አዘጋጁ ቆሟል፤ ዓይኑ እኔ ላይ ነው፣ ከንፈሩ ቃሉን እያላላ ያሳየኛል። ጉልበቴ ላይ ያለውን ወረቀት አየሁ። «ልጄ ይሰማል» ይላል። ፊደሉ ሁሉ ልክ ነው፤ ፊደሉ ግን ምንም አልነገረኝም። ሕይወቴን ሙሉ ፊደል ልክ ከሆነ ነገር ልክ ነው ብዬ ኖሬ ነበር።

«ልጄ ይሰማል» አልኩ፤ አጥብቄ።

በሹክሹክታ ልለው ነበር ያሰብኩት። የወጣው ግን ሹክሹክታ አልነበረም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ልመልሰው አልችልም። የፊት ረድፉ ጉልበት ሁሉ ተነቃነቀ፣ የትልቋ መጽሔት ወለሉ ላይ ወደቀ። ልጅቷ ከእኔ ላይ ዓይኗን አንሥታ ወደ ሹማምንቱ ዞረች። እንደ ኀዘንተኛ አልነበረም ያለችው። እንደሚከስስ ሰው፣ እያንዳንዳቸውን እያየች፣ ጥርሷን ነክሳ፣ አጥብቃ አለችው። መጋረጃው መዘጋት ጀመረ።

ያኔ የኋላው ግድግዳ ተመታ።

አንድ። ሁለት። ሦስት። ማን እንደሆነች ወዲያው ነው ያወቅኩት። እንደ ደራሲው ሦስት መትታ የምታቆም መስሎኝ ነበር። አላቆመችም። መጋረጃው ተዘጋ፣ ድብደባው ቀጠለ። መብራት በራ፣ ቀጠለ። ሰዉ ለማጨብጨብ ያነሣውን እጅ እንደያዘ ቀረ፤ የሚነሣም የሚወጣም የለም። ከጉድጓዱ በታችኛው በር ወጥቼ ሮጥኩ።

አክስቴ የልብስ መለኪያውን ረጅም እንጨት ይዛ ነበር። እንጨቱ ለሁለት ተሰብሮ አንዱ ቁራጭ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ በቀረው ትመታለች። ፊቷ ላብ በላብ ነው። አዘጋጁ ከእኔ ቀድሞ ደርሷል፤ በአንድ እጁ እንጨቱን ለመያዝ እየሞከረ፣ በሌላው ወደ አዳራሹ እያመለከተ፣ ጥርሱን ገጥሞ ያንሾካሹካል።

«አንቺ ሴትዮ፣ በቃሽ! ሰዉ እኮ አልወጣም፣ ይሰማል! ይሰማል እኮ!»

አጥብቆ ነው ያለው። እንዲያ ሲባል ሌላ መንገድ የለውም።

አክስቴ እጇን አወረደች።

«አየህ» አለችው። «ሠላሳ አምስት ዓመት ፈጀብህ እንጂ አነበብከው።»

አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ቃል ጠፍቶበት የቆመ ሰው ሳይ ሥራዬ ማቀበል ነው፤ ከአጠገቡ፣ ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ርቀት ነበርኩ። አላቀበልኩትም።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን አዘጋጅ የሚባል ሰው መቼ ቃል ጠፍቶበት ይቀራል? ትልቋ ተዋናይ ከመድረክ ኋላ መጥታ፣ እንባዋን ሳትጠርግ፣ እኔን ሃያ ሁለት ዓመት ምነው አላልተህ አኖርከኝ ብላ ወቀሰችው። እሱ ወቀሳውን እንደ ምስጋና ወሰደው። በሳምንቱ ሰው ግድግዳው ሲመታ ለመስማት ተሰለፈ። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ጧት አዘጋጁ ለሁለተኛው እትም የሚጨመር አንድ ዓረፍተ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ፦ «በዘንድሮው ዝግጅት አዘጋጁ ባደረገው ጥልቅ ጥናት የመጨረሻው ቃል እንዲጠብቅና የበር ድምፅ እንዲታከልበት ተደርጓል።»

ሦስተኛው ገጽስ አልኩት። እንዳለ ነው አለኝ።

«አልጽፍም» አልኩት።

ጮክ በል ያላለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። የቢሮው በር ክፍት ነበር፤ በኮሪደሩ የሚያልፉት ሁሉ ቆመው አዩን። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ፣ ደግሜ ግን አልኩት። በማግስቱ ከጉድጓዱ አነሣኝ። መጽሔቱን ራሱ ተየበው። አዲሱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከነርእሱ አምስት የፊደል ስሕተት አለ። ዘበኛው አንዱን ቅጂ ሰጥቶኝ ሁሉንም አይቻቸዋለሁ፤ እጄን በልቶኛል። አላረምኩለትም።

አክስቴ ጡረታ ወጥታለች። እኔ የተየብኩትን የመጀመሪያውን እትም ራስጌዋ አስቀምጣዋለች። ሲከፋት፣ ወይም እኔን ማናደድ ስትፈልግ፣ ሦስተኛውን ገጽ ትገልጥና «ማንበብ የማትችል አንዲት የልብስ ክፍል ሠራተኛ» እያለች፣ ሳትደናቀፍ፣ እስከ አራት ነጥቡ ድረስ ታነብልኛለች። ንጉሡ ሠ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ ታየኛለች። ጣውላው ስስ ነው፤ ጎረቤት ይስማ አይስማ ግድ የላትም አሁን።

እኔ አሁን መጋረጃ ሳቢ ነኝ። ልጅቷ ቃሏን ስትጨርስ ገመዱን እለቅና ወደ ኋላው ግድግዳ እሄዳለሁ። ሦስት ጊዜ ብቻ ምታ ተብያለሁ። አልቆጥርም።